አንሶላዬ ጉምሩክ ላይ ለምን ቆመ? የቤት ጨርቃ ጨርቅ ለሚያስመጡ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ተቀምጣችሁ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ ወይም የጠረጴዛ ልብስ የምታስመጡ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ግማሹ መደርደሪያ የአልጋ ልብስ ነው፤ ግማሹ ከአገር ቤት የሚመጣ የሸማኔ ሥራ። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹን ከኪሴ ከፍዬ ነው የተማርኳቸው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ጉምሩክ ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው «ዕቃው ምንድን ነው?» ነው፤ መልሱ የታሪፍ ቁጥር ነው። ሁለተኛው «የት ተሠራ?» ነው፤ መልሱ የሥሪት አገር ነው። ቀረጡ የሚወጣው ከሁለቱም ነው። ብዙ ጊዜ የምንቸገረው የአንዱን መልስ አውቀን ሌላውንም ያወቅን ሲመስለን ነው።

ምልክት፦ ከዱባይ የገዛሁት አንሶላ «የቻይና ነው» ተባለብኝ

የእኔም የመጀመሪያ ስህተት ይኸው ነበር። ነጭ የጥጥ አንሶላ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን፣ ከዱባይ አዘዝኩ። ኢንቮይሱ የዱባይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዱባይ ነው። ሻጩ የስፌት ቤቱን ቪዲዮ ሳይቀር ልኮልኛል፤ ሴቶች ማሽን ላይ ተቀምጠው ጠርዝ ሲያጥፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥሪት አገር የሚለው ላይ ኤምሬትስ ብዬ ሞላሁና ተኛሁ።

ከጉምሩክ ጥያቄ ሲመጣ አንድ የሐበሻ ብሮከር (ዕቃ የሚያስፈጽም የጉምሩክ ወኪል) ዘንድ ሄድኩ። ቪዲዮውን አሳየሁት። እያየ ሳቀ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰፊው ነው። ሸማኔው ማነው?»

«ጋሼ፣ ጨርቁን ከቻይና ነው የሚያስመጡት አሉኝ።»

«በቃ፣ አንሶላሽ የቻይና ነው።»

ምክንያቱ ይህ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 1996 ጀምሮ በሚሠራበት የአሜሪካ ሕግ የአንሶላ፣ የፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስና የመጋረጃ ሥሪት አገር ጨርቁ የተሸመነበት አገር ነው። መቁረጥ፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ ላስቲክ ማስገባት፣ አጣጥፎ ማሸግ አገር አይቀይርም። ለሸሚዝና ለሱሪ መርሁ ሌላ ነው፤ እዚያ መስፋት ይቆጠራል። ልብስ ስታስመጡ ኖራችሁ ወደ አንሶላ ከዞራችሁ የምትደናገሩት ለዚህ ነው።

ሻጮች የሚወዷት አንዲት ሰበብ አለች፦ «እኛ ጋ እኮ ቀለም ተነክሯል፣ ታትሟል» ይላሉ። በ2000 የወጣው ሕግ (አጎዋን፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል፣ የወለደው ያው ሕግ ነው) ለአንዳንድ የቤት ጨርቆች ይህን በር በመጠኑ ከፍቷል። ግን ጠባብ በር ነው። ጨርቁ ቀለም መነከርም መታተምም አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ አይበቃም። በዚያ ላይ እንደ ማንጣት ወይም ማኮማተር ያሉ ቢያንስ ሁለት የማጠናቀቂያ ሥራዎች እዚያው መሠራት አለባቸው። የጥጥና የሱፍ ጨርቅ ጭራሽ አይገባበትም። ድብልቅ ከሆነ ደግሞ ጥጡ በክብደት 16 በመቶ ከደረሰ ያው ነው፣ አይገባም። ስለዚህ ነጭ የጥጥ አንሶላ ይዛችሁ በዚህ በር አትድከሙ።

መፍትሄው ከማዘዛችሁ በፊት ነው የሚጀምረው። ሻጩን «የት ተሠራ?» አትበሉት፤ «እኛ ጋ» ነው የሚላችሁ። «ጨርቁን የሸመነው ፋብሪካ ማነው? አድራሻው የት ነው? ጨርቁን የገዛችሁበትን ኢንቮይስ ላኩልኝ» በሉት። ካንገራገረ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። ዲክላራሲዮኑ ላይ የአምራች መለያ ኮድ የሚባል አለ፤ በአገር ምልክት ሁለት ፊደላት ይጀምራል። ለጨርቃ ጨርቅ ይህ ኮድ ሥሪት አገሩን የሚወስነውን ሥራ የሠራውን ድርጅት ማሳየት አለበት። ነጋዴውን ወይም ላኪውን ከጻፋችሁ ውድቅ ይሆናል። ለአንሶላ ሸማኔው ፋብሪካ ነው የሚጻፈው።

ተሳስታችሁ አስገብታችሁ ከሆነስ? ጉምሩክ የዚያን ዕቃ የቀረጥ ሂሳብ ገና ካልዘጋ ብሮከሩ ማስተካከያ ያስገባል፤ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። ጉምሩክ ምርመራ ሳይጀምር ራሳችሁ ብትናገሩ ቅጣቱ በእጅጉ ይቀላል። እኔ ተናገርኩ። አመመኝ፣ ግን ተናገርኩ። ከ2018 ወዲህ በቻይና ዕቃ ላይ የተደራረበው ተጨማሪ ቀረጥ የዚያን ዓመት ትርፌን ጠራርጎ ወሰደው።

ምልክት፦ ቀረጡ ከ6.7 በመቶ ወደ 20.9 በመቶ ዘለለ

ያው የጥጥ አንሶላ፣ ያው ፋብሪካ፣ ያው አገር። የተቀየረው ምንድን ነው? ጠርዙን እዩት።

በአሜሪካ ታሪፍ ፀጉሩ ያልተነሳ (እንደ ፍላኔል ያልሆነ) ተራ የጥጥ አንሶላና የትራስ ልብስ መደበኛ ቀረጡ 6.7 በመቶ ነው። ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ፓይፒንግ፣ ጌጠኛ ጠርዝ ወይም የተለጠፈ ጨርቅ ካለበት ግን 20.9 በመቶ ይሆናል። የትራስ ልብሱ አፍ ላይ የምትዞር ቀጭን የፓይፒንግ መስመር ቀረጡን ከሦስት እጥፍ በላይ ታደርገዋለች። ዲዛይነሩ ግን «ሆቴል ታስመስለዋለች» ብሎ ነው የጨመራት።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ ጥለትስ? ጨርቁን አገላብጣችሁ እዩ። ጥለቱ፣ ጨርቁ ገና የሽመና ዕቃው ላይ እያለ፣ ከማጉ ጋር አብሮ የገባ ከሆነ የጨርቁ አካል ነው። ጥልፍ ማለት ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ ነው። ለብቻው ተሸምኖ እንደ ጥብጣብ የተሰፋ ጥለት ከሆነ ደግሞ የስፌቱ ክር ከጀርባ በኩል ይታያል፤ ያ ተጨማሪ ጌጥ ነው። መግለጫው ላይ «ጌጠኛ ጠርዝ» ብላችሁ አትጻፉ። «አብሮ የተሸመነ ባለ ቀለም መስመር» በሉና የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ከቅርብ አንስታችሁ አያይዙ።

ምልክት፦ የታሪፍ ቁጥሩ ተቀየረ

የታሪፍ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በአብዛኛው ዓለም አንድ ናቸው። አዲስ አበባም ይሁን ባልቲሞር 6302 የአልጋ፣ የጠረጴዛ፣ የገላና የወጥ ቤት ጨርቅ ነው። መምታታቱ የሚመጣው ጎረቤቶቹ ጋ ነው።

የኮምፈርት ልብስ፣ ማለትም ባዶው ከረጢት፣ 6302 ነው። ውስጡ ከተሞላ ኮምፈርት ሆኖ ወደ 9404 ይሄዳል። የመኝታ ትራስ ልብስ 6302 ነው፤ ሶፋ ላይ የሚጣለው የጌጥ ትራስ ልብስ 6304። የወጥ ቤት ፎጣ 6302 ነው፤ የአቧራ መጥረጊያ ጨርቅ ግን 6307። ብርድ ልብስ 6301፣ መጋረጃ 6303። «የቤት ጨርቅ» ብላችሁ አንድ መስመር ብቻ ከጻፋችሁ ኦፊሰሩ የመሰለውን ይመርጣል።

ጋቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኢንቮይሱ ላይ «ጋቢ፣ 40 ፍሬ» ብሎ የላከልኝ ወዳጅ ነበር። የሚለበስ ነው? አልጋ ላይ የሚነጠፍ ነው? ለእኛ ሁለቱም ነው፤ ሕፃንም ይታዘልበታል። ታሪፍ ግን አንዱን ምረጡ ይላል። ዋና አገልግሎቱን፣ ስፋቱን፣ ስንት ድርብ እንደሆነና ከምን እንደተሠራ ጻፉ።

ድብልቅ ጨርቅ ላይ በክብደት የሚበልጠው ያሸንፋል። 55 በመቶ ጥጥ ከሆነ ጥጥ ነው። ልክ ሃምሳ በሃምሳ ከሆነስ? በታሪፍ መጽሐፉ በቁጥር ኋላ የሚመጣው ይወስዳል፤ ጥጥ ምዕራፍ 52፣ ፖሊስተር 54 እና 55 ስለሆነ አንሶላው ፖሊስተር ይባላል። ፋብሪካው «ፖሊ ኮተን» ብሎ ከላከ መቶኛውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ምልክት፦ ዕቃው ተለቀቀ፣ ከዚያ «ሌብሉን አስተካክሉ» የሚል ወረቀት መጣ

ሌብሉ ላይ በእንግሊዝኛ የክሩ ዓይነት በመቶኛ፣ ሥሪት አገሩ፣ እንዲሁም የኩባንያው ስም ወይም የምዝገባ ቁጥሩ መኖር አለበት። ወረቀቱ ሲመጣ ዕቃውን አትሽጡ። በተሰጣችሁ ቀን ውስጥ ሌብሉን ቀይራችሁ አሳውቁ። ካልተስተካከለ የዋጋው 10 በመቶ ሌላ ክፍያ ይመጣል።

ቤታቸው የሚሰፉ እህቶችም ልብ በሉ። የሕንድ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚህ የጠረጴዛ ልብስ ብትሰፉ «በአሜሪካ የተሠራ» ብቻ ማለት አይቻልም። ጨርቁ የሕንድ እንደሆነና እዚህ እንደተሰፋ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። ሸማኔው እዚህም ተከትሎን መጥቷል።

ምልክት፦ የኢትዮጵያ ዕቃ ነው፣ ለምን ቀረጥ እከፍላለሁ?

ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጥታለች። የሥሪት አገር የምስክር ወረቀቱ ዕቃው የኢትዮጵያ መሆኑን ያስረዳል እንጂ ከቀረጥ ነጻ አያደርገውም። ብሮከራችሁ በድሮው ልማድ የነጻ መብት ከጠየቀ አስቁሙት፤ ኋላ የሚመለሰው በእናንተ ላይ ነው። ከ800 ዶላር በታች ያለ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራርም ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ታግዷል።

ደስ የሚለው ነገር አለ። ድሩ ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ክር ቢሆንም ሽመናው አገር ቤት ከሆነ ጨርቁ የኢትዮጵያ ነው። ክሩ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሽመናው ነው።

ጥጡ ግን በሌላ በኩል ሊጠየቅ ይችላል። ከጁን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ከቻይና ሺንጂያንግ ክልል የመጣ ጥጥ ያለበት ዕቃ በግዳጅ ሥራ እንደተመረተ ይገመታል፤ ዕቃው ቬትናም ቢሸመንም እንኳ ይያዛል። ማስረጃው ከእርሻው እስከ አንሶላው ያለው ሰንሰለት ነው፤ የጥጥ ግዢ፣ የፈትል፣ የሽመና፣ የስፌት ወረቀት። ይህን ዕቃው ከተያዘ በኋላ መሰብሰብ ከባድ ነው። እኔ አሁን ይህን ወረቀት አስቀድሞ ካልላከ ፋብሪካ አልገዛም።

ምልክት፦ የመረጃ ጥያቄ ደብዳቤ ደረሰኝ

መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው ያላችሁ። ዝም ካላችሁ ጉምሩክ በራሱ ግምት ይወስናል። ውሳኔው ካላረካችሁ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ በ180 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። ሰነዶቻችሁን አምስት ዓመት አስቀምጡ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ለታሪፍ ቁጥርም ለሥሪት አገርም የጽሑፍ ውሳኔ ይሰጣል፤ በነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም። ቀድሞ የተሰጡት ውሳኔዎችም በድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ፤ የእናንተን የመሰለ ፎጣ አይጠፋም። ካጣችሁ ጥያቄያችሁን ላኩ። ዕቃው ገና ሳይጫን ነው መጠየቅ ያለባችሁ፤ ወደብ ላይ ለቆመ ዕቃ አይሰጥም። መጠኑን፣ የክሩን መቶኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ በየትኛው አገር እንደተሠራ ዘርዝሩ። ናሙና ካላችሁ ላኩ። ውሳኔው ሲደርሳችሁ ቁጥሩን ለብሮከራችሁ ስጡት፤ ያንን ዕቃ ባስገባችሁ ቁጥር ዲክላራሲዮኑ ላይ ይጠቅሰዋል።