ከመድረክ ወደ ስቲከር፦ የኮሜዲያን አባባል ሚም የሚሆንበት መንገድ

ሰው ያሳቀ አባባል ሁሉ ሚም (ኢንተርኔት ላይ ሰው እየተቀባበለ ለራሱ ነገር የሚለጥፈው ፎቶ ወይም ክሊፕ) አይሆንም። አዳራሹን ሙሉ በሳቅ አንፈራፍሮ በሩ ላይ ሲደርሱ የሚረሳ ቀልድ ስንት አለ! ሚም የሚሆነው ሰዎች ስለ ራሳቸው ኑሮ ለማውራት የሚዋሱት አባባል ነው። ኮሜዲያን ብትሆኑም፣ የአንድ ኮሜዲያን ቪዲዮ እየቆረጣችሁ የምትለጥፉ ብትሆኑም፣ መጀመሪያ ይቺን ያዙልኝ።

አባባሉን ቁጭ ብላችሁ ልፍጠር አትበሉ። ምናልባት ቀድሞውኑ አለ፣ ፈልጉት። የድሮ ቅጂዎቻችሁን ክፈቱና ተመልካቹ ከሳቀ በኋላ የደገመውን፣ ኮመንት ላይ ቃል በቃል የጻፈውን፣ ጓደኞቻችሁ ገና ሲያዩዋችሁ ከሰላምታ በፊት የሚሏችሁን ለቅማችሁ አውጡ። ከዚያ ፈትኑት። ቀልዱን አንሱለትና አባባሉን ብቻውን ለሦስት ሰው ስጡት፦ ፈተና ለወደቀ ተማሪ፣ ቡድኑ ለተሸነፈበት ደጋፊ፣ ሊወጣ ሲል ሥራ ለተጨመረበት ሠራተኛ። ሦስቱም አፍ ላይ ካማረ አገኛችሁት ማለት ነው። ታሪኩን ካላወቁ የማይገባ ከሆነ ግን ጥሩ ቀልድ ነው፣ እዚያው መድረክ ላይ ይቆይ።

እንግሊዛውያኑ ኮሜዲያን ዴቪድ ሚቸልና ሮበርት ዌብ በ2006 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ያቀረቡት አንድ ስኬች፣ ማለትም አጭር አስቂኝ ድራማ፣ አለ። ሁለት የናዚ መኮንኖች ግንባር ላይ ሆነው ጠላትን ይጠብቃሉ። አንደኛው ኮፍያቸው ላይ ያለውን የራስ ቅል ምልክት ልብ ይልና ግራ ገብቶት ጓደኛውን ይጠይቀዋል፦ «ክፉዎቹ እኛ ነን እንዴ?» ጥያቄው ውስጥ ጦርነትም ኮፍያም የለም። ስለዚህ የገዛ ወገኑን መጠራጠር የጀመረ ሁሉ፣ በፖለቲካም በሉት በኳስ፣ የዚያን ትዕይንት ፎቶ ወስዶ ይለጥፋል። አጭር ነው፣ የማንም ስም የለበትም፣ ጊዜም አያልፍበትም። የእናንተም እንዲህ ይሁን።

ካገኛችሁት በኋላ ድገሙት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ ገና ሁለቴ ብሎት ሰለቸኝ ይልና ቃሉን ይቀይረዋል። አትቀይሩ! አባባሉ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፊት ይምጣ፣ የሚለዋወጠው የገባችሁበት ጣጣ ብቻ ይሁን። እንግሊዛዊቷ ኮሜዲያን ካትሪን ቴት የምትጫወታት ሎረን የምትባል የትምህርት ቤት ልጅ፣ መምህርም ይቆጣት ጓደኛም ያብሽቃት፣ መልሷ ያው «ደንታዬ ነው?» ዓይነት ነበር። እዚያ ውስጥ በእንግሊዝኛ «ቦቨርድ» የምትለዋ ቃሏ በ2006 በብሪታንያ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል ተባለች። አንዳንዴ ደግሞ ሰዉ «አሁን ሊላት ነው» ብሎ ሲጠብቅ ዝም በሉ። ታዳሚው ራሱ ከጨረሰላችሁ አባባሉ ከእናንተ እጅ ወጥቷል፣ ደስ ይበላችሁ።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ከድምፁ ይልቅ ፊታችሁ ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ቲም ሮቢንሰን በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ባወጣው አንድ ስኬች የሆት ዶግ (ዳቦ ውስጥ የገባ ቋሊማ) ቅርጽ ያለው መኪና የልብስ መደብር ጥሶ ይገባል። ሁሉም ማን ነው የነዳው ሲባባል፣ ከላይ እስከ ታች የሆት ዶግ ልብስ የለበሰ ሰውዬ መሃላቸው ቆሞ ይህን ያደረገውን ሰው ሁላችንም እየፈለግን ነው ይላል። እስቲ አስቡት፣ ጥፋቱም ውሸቱም አንድ ፎቶ ላይ ተጠቃሏል። ድምፁን ብታጠፉት እንኳ ይገባችኋል። የገዛ ጥፋቱን የሚያፈላልግ ባለሥልጣን በታየ ቁጥር ያ ፎቶ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስትቀርጹ ከአባባሉ በፊትና በኋላ ትንሽ ፋታ ስጡ፣ ሰው የሚቆርጥበት ቦታ ያግኝ። ፊታችሁ ላይ በቂ ብርሃን ይኑር። አባባሉ ላይ ሙዚቃ አትደርቡበት፣ ፊታችሁ ላይም ጽሑፍ ወይም ትልቅ ሎጎ አትለጥፉ። ከረጅሙ ቪዲዮ በተጨማሪ አባባሉን ብቻ የያዘች የጥቂት ሰከንድ ክሊፕ ለብቻዋ ልቀቁ። ስቲከሩንም ሌላ ሰው እስኪሠራው አትጠብቁ። ለቴሌግራም ከሆነ ከኋላ ያለውን ነገር አጥፍታችሁ ምስሉን በፒኤንጂ (PNG) ወይም በዌብፒ (WEBP) የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፤ አንዱ ጎን ልክ 512 ፒክስል፣ ሌላው ከዚያ ያልበለጠ መሆን አለበት። የሚንቀሳቀስ የቪዲዮ ስቲከር ከ3 ሰከንድ አይበልጥም፣ ድምፅም የለውም። ያኔ ፊታችሁ ብቻውን መናገሩን ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ ያለው ከባዱ ነው፦ ለሌላው ሰው ክፍት ቦታ መተው። «ኤል ሪሲታስ» የሚባለው ስፔናዊ ኮሜዲያን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ፣ ወጥ ቤት ሲሠራ ትልልቅ መጥበሻዎች ባሕር ውስጥ ትቶ ሲያድር ውኃ እንደወሰደበት እያወራ ጥቂት ጥርስ በቀረው አፉ ትንፋሽ እስኪያጥረው ይስቃል። ስፔንኛ የማይችለው ዓለም የሚለውን አልሰማውም፣ ሳቁን ግን አየ። ዓመታት ቆይቶ በየአገሩ ያለ ሰው የራሱን ጽሑፍ ከሥር እየለጠፈ አንዴ ስለ ስልክ፣ አንዴ ስለ ጌም እንዲያወራ አደረገው። እናንተም ንጹሑን ክሊፕ፣ ጽሑፍ የሌለበትን፣ ማንም እንዲያወርደው አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሰው አባባላችሁን ካሰባችሁት ውጭ ሲጠቀምበት «እንዲህ ማለቴ አይደለም» እያላችሁ ኮመንት ውስጥ አትግቡ። አሪፉን መርጣችሁ ሼር አድርጉለት።

ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ቀልዱ ውስጥ ሳላችሁ ድምፃችሁና ፈገግታችሁ አባባሉን ያለሰልሱታል። ሚም ሲሆን ሁለቱም ይቀራሉ። ብሔርን፣ የአካል ጉዳትን ወይም መልክን የሚነካ ከሆነ ነገ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚሰደበው የእናንተ ፊት ባለበት ስቲከር ነው። በራሳችሁ ወይም በሁኔታው የሚስቅ አባባል ምረጡ።

ሲገንም ጣጣ አለው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዴቭ ሻፔል በ2004 ሳክራሜንቶ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሥራውን ሲያቀርብ ታዳሚው ከቴሌቪዥን ፕሮግራሙ የታወቀችውን አባባል እየጮኸ አላስወራ ሲለው መድረኩን ጥሎ ወርዶ ነበር። ስለዚህ በአባባሉ አትክፈቱ፣ ወደ መጨረሻው አንዴ በሉትና ይብቃ፣ በየመሃሉ አዲስ ሥራ አስለምዷቸው። ተራው ሰው በነፃ ይጫወትበት። ድርጅት ለማስታወቂያ ሲፈልገው ግን የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት የሚለውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። የመጀመሪያውን ሙሉ ቪዲዮ ደግሞ አባባሉን ርዕስ አድርጋችሁ ገጻችሁ አናት ላይ ፒን አድርጉት፣ ሚሙን አይቶ «ይሄ ሰው ማን ነው?» ብሎ የሚፈልግ ቀጥታ እናንተ ጋ ይመጣል።