ጅብራንና ቀይ ቀበሮን እንዴት እናወዳድር

ባዮሎጂ ላይ አንድ ተክልና አንድ ለመጥፋት የተቃረበ አጥቢ አወዳድሩ የሚል አሳይመንት ከተሰጣችሁ ሩቅ አገር አትሂዱ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ባለው ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴ ላይ፣ ጅብራና ቀይ ቀበሮ አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጪ የሉም።

ቴብል ሰርታችሁ አንዱ ቅጠል አለው ሌላው እግር አለው እያላችሁ አትሙሉ፣ ምንም አያስተምርም። ለሁለቱም አንድ አይነት ጥያቄ ጠይቁ። ለምሳሌ የሌሊቱን ብርድ እንዴት ይችሉታል? ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መሃል ያለውን ለጋ ቡቃያ ይሸፍናል፣ ቀበሮው ደግሞ እዛው ሜዳ ላይ ጥቅልል ብሎ አፍንጫውን ጭራው ስር ከቶ ይተኛል። እንዲህ ስትጽፉት ደስ ይላል!

ቀጥሎ መራባት፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ጅብራ ለብዙ ዓመት ያድግና በህይወቱ አንዴ ብቻ ያን ረጅም አበባ አውጥቶ ደቃቅ ዘሩን ለነፋስ በትኖ ይሞታል፣ ስለዚ ደርቆ የቆመ ጅብራ ስታዩ በሽታ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ቀይ ቀበሮ ጋር ግን ከመንጋው አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ዋናዋ ሴት ናት፣ በዓመት አንዴ፣ ሌሎቹ ምግብ እያመጡ አብረው ያሳድጋሉ።

ከዛ አደጋው። አዋቂ ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ከ500 በታች ነው የሚገመተው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፣ ስለዚ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ሲሻገር በወራት ውስጥ መንጋ ይጨርሳል፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ባሌ ላይ በሽታው ገብቶ ብዙ ገድሏል። አንጀት የሚያቃጥለው ክትባት ያለው በሽታ መሆኑ ነው። የጅብራው አደጋ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ አየሩ በሞቀ ቁጥር ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ያልቃል።

መደምደሚያው ላይ ሁለቱም ይጠበቁ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ለቀበሮው የውሾች ክትባት አሁኑኑ፣ ለጅብራው ደግሞ ከፍታው ላይ ያለው መሬት ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ መዳኑ እንደሚያስፈልግ ለይታችሁ ጻፉ።

ሄዳችሁ ማየት ከቻላችሁ ቀን ላይ ሂዱ፣ ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፣ ጆሮውን አቁሞ ጉድጓድ አፍ ላይ ድርቅ ሲል በቢኖኩላር ከሩቅ እዩት፣ መንገድ አትልቀቁ፣ ውሻ ደግሞ በጭራሽ ይዛችሁ እንዳትገቡ።