ለጎዳና ተዳዳሪዎች የጥርስ ሕክምና ቀን እንዴት ይዘጋጃል?

የጥርስ ሐኪም ፈልጎ ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱን ከዚያ ይጀምሩ፦ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ደሙ አልቆም ቢል ወይም ፊቱ ቢያብጥ ማን ይቀበለዋል? በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ አስቀድመው ያነጋግሩ። ስለ ነፃ ሕክምና ደብዳቤም ከወረዳው ጋር ይስማሙ፤ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው ካርድ ክፍል ደርሶ ሊመለስ ይችላልና።

ቀጥሎ የሚመቻቸውን ሰዓት የጎዳና ተዳዳሪዎቹን ራሳቸውን ይጠይቁ። መርካቶ ሸክም የሚሠራ ሰው የማለዳ ገበያውን ጥሎ አይመጣም። ባነርና ካሜራ ይቅር። አፉን ከፍቶ ፎቶ መነሣት የሚወድ ማን አለ?

በዕለቱ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ዳቦና ሻይ ያቅርቡ፤ በባዶ ሆድ ጥርስ የሚነቀል ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ስለ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ ደም ማቅጠኛና የመድኃኒት አለርጂ የሚጠየቀው ሌላው በማይሰማበት ጥግ ነው። መሣሪያዎችን በውኃ ማፍላት አይበቃም፤ አውቶክሌቭ፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን፣ የግድ ነው። የሚነቅለውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይሁን።

የታመመ ጥርስ ሁሉ ግን አይነቀልም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ፦ የበሰበሰው ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእጅ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣና ቀዳዳው ግላስ አዮኖመር በሚባል ጥርስ ላይ በሚጣበቅ መሙያ ይሞላል። በድንኳን ለሚሰጥ ሕክምና ከዚህ የተሻለ አላውቅም። 38 በመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለውን ፈሳሽ መድኃኒት ጥርሱን መቀባትም መበስበሱን ሊገታ ይችላል፤ ነገር ግን የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል። የፊት ጥርስ ከሆነ አስቀድሞ የተቀባ ጥርስ ፎቶ አሳይቶ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል፤ ሥራ ፍለጋ ለሚዞር ወጣት ጥቁር የፊት ጥርስ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥርሱ የተነቀለው ሰው ጎዙን (የቁስል ጨርቁን) 30 ደቂቃ ያህል ነክሶ እዚያው ይቀመጥ፤ ደሙ መቆሙ ሳይታይ አይሂድ። በዚያ ቀን አፉን መጉመጥመጥ፣ ሲጋራና አረቄ ክልክል ናቸው። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ ይጉመጥመጥ። ለብ ያለ ውኃ ጎዳና ላይ ከየት ይመጣል? ከሰፈሩ የጀበና ቡና ሻጮች ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ እሳት ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ሲሸኙ ክዳን ያለው ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ትንሽ የጥርስ ሳሙና ይስጡ። ብሩሹ ቢጠፋ የወይራ መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ጫፉን አኝኮ ማለስለስ፣ ሲያረጅ መቁረጥ።

ከሳምንት በኋላ በዚያው ቦታና ሰዓት ይመለሱ። እስከዚያው ከአገጭ ሥር እብጠት የወጣበት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የከበደው፣ አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። ይህን ለታካሚው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚያድረው ጓደኛውም ይንገሩ፤ ሌሊት ሲብስበት ተሸክሞ የሚያደርሰው እሱ ነው።