ለማድ ቤት ቲቪ ርካሽ ቦክስ ሲመርጡ

ማድ ቤት ያለ ቲቪ ሥራው ከሳሎኑ ይለያል። ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 32 ኢንች ነው፤ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ወጥ እየተማሰለ ገረፍ ገረፍ ተደርጎ ይታያል፣ ከሚታይበትም የሚደመጥበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስን ከኢንተርኔት ወደ ቲቪ የሚያመጣው ቦክስ ለሳሎን የሚመረጥበት መለኪያ እዚህ አይሠራም። በርካታ የ32 ኢንች ቲቪዎች ማሳያቸው 1366 በ768 ፒክስል ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8ኬ» (እጅግ ብዙ ፒክስል ያለው ምስል) የተጻፈበት ቦክስ እንዲህ ያለ ቲቪ ላይ ሲሰካ ምስሉ ከቲቪው አቅም አያልፍም። ገንዘቡ መዋል ያለበት ለሌላ ነገር ነው፦ ለሕጋዊው ሶፍትዌር፣ ለ2 ጊጋ ራም፣ ለዋይፋዩና ለአዳፕተሩ።

ሁለቱ «አንድሮይድ ቦክሶች»

በሱቆች «አንድሮይድ ቦክስ» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ጉግል ፈትሾ የፈቀደው ነው፤ የሚሠራው በአንድሮይድ ቲቪ ወይም በጉግል ቲቪ ነው። ሁለተኛው ለስልክና ለታብሌት የተሠራውን አንድሮይድ፣ የቲቪ እንዲመስል ቀብተው የጫኑበት ነው። ኤምኤክስኪው ፕሮ፣ ቲ95፣ ኤክስ96 የሚሉ ስሞች የሚታዩት በዚህኛው ላይ ነው።

ሱቅ ላይ ቆሞ ለመለየት ሪሞቱን ማየት ይበቃል ማለት ይቻላል። የማውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ካለው፣ ተጭነውትም ስክሪኑ ላይ ቀስት ከወጣ፣ የስልክ አንድሮይድ ነው። ለቲቪ የተሠራው ሁሉንም ነገር በአራቱ የአቅጣጫ ቁልፎችና በመሃለኛው ስለሚጨርስ ማውስ አያስፈልገውም። ሌላው ምልክት ፕሌይ ስቶር ነው፤ ትክክለኛው አንድሮይድ ቲቪ ላይ የሚታዩት ለቲቪ የተዘጋጁ አፖች ብቻ ናቸው።

ልዩነቱ ለምን ያስጨንቃል? አንደኛ፣ ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ጥራት ያለው ምስል የሚልኩት ዋይድቫይን ኤል1 የሚባለው የጥበቃ ደረጃ ላለው ዕቃ ነው። ያልተፈቀዱት ቦክሶች ዝቅተኛው ኤል3 ላይ ስለሚቆሙ ፊልሙ፣ ከተከፈተም፣ በ480 ጥራት ይመጣል። ሁለተኛውና የከፋው ደኅንነቱ ነው። በፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ላይ ቲ95 ውስጥ ከፋብሪካው አብሮ የመጣ ቫይረስ ተገኝቷል። በጁን 2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው ቫይረስ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ ከተጠቂዎቹ ዋነኞቹ እነዚህ ርካሽ ቦክሶች ናቸው። የተበከለ ቦክስ የቤትዎን ኢንተርኔት ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ ያደርገዋል። ቲቪው ጠፍቶ እንኳ ጥቅሉ ሲያልቅ፣ በእርስዎ መስመር ሌላ ሰው ሲያጭበረብር አይታወቅም። ይህን ዓይነቱን ቦክስ በቅናሽም ቢሆን አይግዙ።

ጽሑፉንም አይመኑ። «4 ጊጋ ራም፣ 32 ጊጋ ማከማቻ» ተብሎ ውስጡ 1 እና 8 የሆነ ብዙ አለ፤ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲዋሽ ስለሚደረግ የቅንብር ገጹ ላይ የሚታየው ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም። የማያዳግመው ፈተና ፍላሽ ይዞ ሄዶ በድምሩ 10 ጊጋ የሚሆኑ ፋይሎችን መገልበጥ ነው። ውሸት ከሆነ መሃል ላይ ይቆማል።

የትኛውን?

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ የሚገርም ይመስላል፦ ለማድ ቤት 4ኬ አያስፈልግም፣ ሆኖም የሚገዛው «4ኬ» የተባለው ሞዴል ነው። ምክንያቱ ራሙ ነው። የ2020ው የሻኦሚ ሚ ቲቪ ስቲክ (ስቲክ ማለት ቲቪው ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ ቦክስ ነው) 1 ጊጋ ራም ብቻ ስላለው ዩቲዩብ ከፍቶ ወደ ሌላ አፕ ሲሻገር ይንቀራፈፋል። ከእሱ በኋላ የወጣው የሻኦሚ ቲቪ ስቲክ 4ኬ ግን 2 ጊጋ ራምና 8 ጊጋ ማከማቻ አለው። ኤቪ1 የሚባለውን አዲሱን የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴም ይፈታል፤ ያንኑ ምስል በአነስተኛ ዳታ ያመጣል ማለት ነው። በጥቅል ለሚጠቀም ቤት ይህ ከ4ኬው ይበልጣል።

አሜሪካ ዘመድ ካለ ዋልማርት የሚሸጠው የኦን ጉግል ቲቪ 4ኬ ቦክስ የ2023ቱ ሞዴል ሲወጣ ወደ 20 ዶላር ነበር፤ ራሙም ማከማቻውም ከላይኛው ጋር እኩል ነው። በዚያ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ሮኩ የሚባለውን ቦክስ እንዲያመጡልዎ ግን አይዘዙ። አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር ሰው ጥሩና ቀላል ዕቃ ነው፤ ሆኖም አካውንቱም የቻናል ዝርዝሩም በአገር የተከለለ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ጣጣ አለው። የአማዞኑ ፋየር ስቲክ ዩቲዩብ ያሳያል፣ ፕሌይ ስቶር ግን የለውም።

ከ8 ጊጋው ውስጥ ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ስለሚይዝ ለአፕ የሚተርፈው ግማሹ ገደማ ነው። ለማድ ቤት ይበቃል፤ አምስት ስድስት አፕ ከጫኑ በኋላ ግን ማቆም ነው።

መብራቱና ምጣዱ

አዲስ ስቲክ ገዝተው «ይጠፋል፣ ራሱን ያስነሳል» የሚሉ ሰዎች ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ሽቦውን ከቲቪው ዩኤስቢ ላይ ስለሰኩት ነው። የድሮ ቲቪ ዩኤስቢ የሚሰጠው 0.5 አምፒር ነው፤ ስቲኩ በ5 ቮልት 1 አምፒር ይፈልጋል። ሲከፈት ይበራል፣ ቪዲዮ ሲጀምር ኃይል ያጥረዋል፣ ይጠፋል። ከራሱ አዳፕተር ጋር ግድግዳ ላይ ይሰኩት። አዳፕተሩ ከጠፋ 5 ቮልት፣ 1 አምፒርና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ደህና የስልክ ቻርጀር ይሆናል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ይፈልጉ፤ ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፣ ጠፍጣፋውን ጥርስ ወደ ክብ የሚቀይር ሶኬት ብቻ ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ማድ ቤት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ነው። ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ የሚልበት ቤት ከሆነ መስመሩ ላይ ቮልት እየወረደ ነው፤ ጥሩ አዳፕተር ይችለዋል፣ ላባ የሚያክል ርካሽ አዳፕተር ግን ቦክሱን አጥፍቶ ያስነሳዋል። ቲቪና ቦክሱን ምጣዱ ባለበት ኤክስቴንሽን ላይ ፈጽሞ አይሰኩ። ያ ኤክስቴንሽን ምጣዱን ራሱን መሸከም የለበትም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል።

ዋይፋዩ ማድ ቤት ይደርሳል?

ቦክስ ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎን ይዘው ቲቪው በሚሰቀልበት ቦታ ይቁሙ። የሞባይል ዳታውን ያጥፉ፣ በቤቱ ዋይፋይ ዩቲዩብ ይክፈቱ፣ ጥራቱን 720 ላይ አድርገው አሥር ደቂቃ ያጫውቱ። ካልተቆራረጠ ቦክሱም ይሠራል። ከተቆራረጠ የትኛውም ቦክስ አያድነውም።

ግቢ ውስጥ ለብቻው የተሠራ ማድ ቤት ከሆነ፣ በተለይ ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ሲግናሉ እዚያው ይሞታል። 5 ጊጋ ኸርዝ የተባለው ዋይፋይ ፈጣን ነው፣ ብሎኬት ሲያልፍ ግን ቶሎ ይደክማል፤ 2.4 ራቅ ይላል፣ ነገር ግን ማይክሮዌቭ በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ ምግብ ሲሞቅ ቪዲዮው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚቀበል ቦክስ ይምረጡ፤ ራውተሩ ቅርብ ከሆነ 5፣ ሩቅ ከሆነ 2.4 ላይ ያገናኙት። ማድ ቤቱ ከሳሎን 20 እና 30 ሜትር ከራቀ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ከሁሉ ይሻላል። ካት 5ኢ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራል። ያኔ የኬብል ቀዳዳ ያለው ቦክስ ያስፈልጋል፤ ስቲኮች ላይ የለም።

የዳታውን ሂሳብ አስቀድመው ይሥሩ። በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 900 ሜጋ ባይት ነው። ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ከተከፈተ በወር ከ100 ጊጋ ያልፋል። ኔትፍሊክስ በኤችዲ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ይደርሳል፤ ከአካውንቱ ቅንብር ውስጥ የዳታ አጠቃቀሙን መካከለኛ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ በ32 ኢንች ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ቲቪው ያረጀ ከሆነ

ኤችዲኤምአይ የሌለው፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ብቻ ያለው ቲቪ መቀየሪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ መቀየሪያዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ዓይነቶችም ቅርጻቸው ተመሳሳይ ነው። የሚፈልጉት «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» የሚለውን ነው። ተቃራኒውን ከገዙ ምንም አይመጣም። መቀየሪያው ራሱ የ5 ቮልት ኃይል ይፈልጋል፣ ፊደሎቹም ደብዘዝ ብለው ይታያሉ።

ሲሰቀልና ሲከፈት

ቁሌት ሲቁላላ የሚወጣው እንፋሎት ዘይት ይዞ ነው የሚነሳው። ዘይቱ የቦክሱ መተንፈሻ ቀዳዳ ላይ ያርፋል፣ አቧራና የበርበሬ ብናኝ ይይዝበታል፣ ቦክሱ ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል፣ ከዚያ በኋላ ቪዲዮው ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንተፋተፍ ይጀምራል። ከምድጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቀው ይስቀሉት፤ ፍሪጅ ላይም አይቀመጥ። ስቲክ ከሆነ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ይጠቀሙ፤ ከቲቪው ሙቅ ጀርባ ይለየዋል፣ ዋይፋዩንም ያሻሽላል። ቦክሱን ከቲቪው ጀርባ ለመደበቅ ካሰቡ ሪሞቱ ብሉቱዝ መሆን አለበት፤ በኢንፍራሬድ የሚሠራ ሪሞት ፊት ለፊት ካላየው አያዝዝም።

ሪሞቱን በስስ የምግብ ፕላስቲክ አጥብቀው ይጠቅልሉት። ሊጥ በነካ እጅ ይነካካልና፣ ሲቆሽሽ ፕላስቲኩን ቀይሮ መቀጠል ነው።

በአማርኛ ለመፈለግ በሪሞቱ ፊደል መልቀም አድካሚ ነው፤ የሪሞቱ የድምፅ ረዳትም አማርኛ አይሰማም። ስልክና ቦክሱን በአንድ ዋይፋይ ላይ ያድርጉ፣ ስልኩ ላይ ዩቲዩብ ከፍተው የቲቪ ምልክቷን ይጫኑ፣ ቦክሱን ይምረጡ። ከዚያ ፍለጋውን በስልኩ ያድርጉ። የጉግል ኪቦርድ የአማርኛ ንግግር ወደ ጽሑፍ ስለሚቀይር ማይክራፎኗን ነክቶ «የሽሮ አሠራር» ማለት ይበቃል፤ ቪዲዮው ማድ ቤቱ ቲቪ ላይ ይከፈታል።

«ኖ ሲግናል» ካለ ቲቪውንም ቦክሱንም ከመብራት ይንቀሉ፣ አንድ ደቂቃ ይቆዩ፣ መጀመሪያ ቲቪውን ያብሩ፣ ከዚያ ቦክሱን። የምስሉ ዳር ከተቆረጠ ጥፋቱ የቲቪው ነው፤ ከቲቪው የምስል ቅንብር ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ይምረጡ። ቦክሱ ከወራት በኋላ ቀርፋፋ ከሆነ መጀመሪያ የማይጠቀሙበትን አፕ ያጥፉ፤ ከዚያ ነቅለው ቀዳዳዎቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ ውጪውን ደግሞ አልኮል በነካ ጨርቅ፤ እርጥብ ፎጣ አይሆንም።