ጠፍቶ የቆመ መኪና ለምን ይጮኻል? የጭስና የትነት መቆጣጠሪያ ፍተሻ ድምፆች

መኪና የጭስና የነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያውን ራሱ ይፈትሻል፤ ሲፈትሽም ድምፅ ያሰማል። ደህና የሆነ ዕቃ ከማስፈታትዎ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ ያስተውሉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

ምልክት፦ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ ከኋላ በኩል "ዝዝዝ" ይላል

ምክንያት፦ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) የሚነሳው የቤንዚን ትነት ወደ አየር እንዳይወጣ ካኒስተር በሚባል በከሰል የተሞላ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሞተሩ ሲሠራ ተስቦ ይቃጠላል። መስመሩ እንደማያፈስ ለማረጋገጥ አንዳንድ መኪኖች ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አየሩን እየሳበ ግፊቱን ይለካል። በፍተሻው የሚፈለገው ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ናት። ነዳጁ እየተናጠና እየሞቀ ይህን መለካት ስለማይመች ኮምፒውተሩ መኪናው እስኪረጋ ይጠብቃል። ብዙ ቶዮታዎች ከጠፉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ይጀምራሉ፤ ማታ 1 ሰዓት የቆመው መኪና እኩለ ሌሊት ላይ ባለቤቱን የሚቀሰቅሰው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ ምንም። በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ያቆማል። ሰልባትዮው ጢም ብሎ ሲሞላ ወይም አየሩ በጣም ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ ፍተሻው ስለሚዘለል፣ አንድ ቀን ተሰምቶ ሌላ ቀን ቢጠፋ አይግረምዎ። ድምፁ ለሰዓታት ካላቋረጠ ወይም ጠዋት ባትሪው ከደከመ ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ ይታይ።

ምልክት፦ ጠዋት ሲነሳ ከኮፈኑ ሥር እንደ አቧራ መጥረጊያ ማሽን ይጮኻል

ምክንያት፦ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭሱን መርዛማነት የሚቀንሰው ዕቃ) ቶሎ እንዲግል ወደ ጭስ መውጫው ንጹህ አየር የሚነፋ ፓምፕ አለ። ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ለጊዜው ከፍ ይላል።

መፍትሄ፦ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ዝም ካለ ይተዉት። የሚፋጭ ብረት ዓይነት ድምፅ ከጨመረ ፓምፑ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ሞተሩ ሞቆ ሳለ "ጠቅ ጠቅ" ይላል

ምክንያት፦ ከካኒስተሩ ወደ ሞተሩ ትነት የሚያሳልፈው ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ጣትዎን ሲያሳርፉበት ምቱ ይሰማዎታል።

መፍትሄ፦ ጠቅታው ብቻውን ችግር አይደለም። ነዳጅ በተሞላ ቁጥር መኪናው አልነሳም እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ መዘጋት ስላለበት ከካኒስተሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅለው የቫልቩን አፍ በጣት ይሸፍኑ። ጣትዎን ከሳበው ይቀየር፤ ቀላል ሥራ ነው።

ምልክት፦ የቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል

ይህ ከሌሎቹ ይለያል፤ ፍተሻው ወድቋል ማለት ሊሆን ይችላል። በመመርመሪያ መሣሪያ የሚነበበው የስህተት ኮድ ፒ0455 ከሆነ ትልቅ፣ ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0456 በጣም ትንሽ ማፍሰሻ አለ። መካኒኩ ሌላ ነገር ሳይነካ የነዳጅ ክዳኑን ይዩ፦ ላስቲኩ ተሰንጥቋል? "ጠቅ" እስኪል ጠብቋል ወይስ ላላ ብሏል? ካጠበቁት በኋላ መብራቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ፍተሻው በድጋሚ አልፎ እስኪያረጋግጥ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

አንድ ልማድ ግን መቅረት አለበት፦ የነዳጅ መቅጃው ራሱ ካቆመ በኋላ "ትንሽ ጨምርበት" ማለት። ትርፉ ነዳጅ ካኒስተሩ ውስጥ ገብቶ ከሰሉን ያበላሸዋል፤ ካኒስተር መቀየር ደግሞ ክዳን ከመቀየር እጅግ የበለጠ ያስወጣል።

ከድምፁ ጋር የቤንዚን ሽታ ካለ መኪናውን አያስነሱ። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ይመልከቱና መካኒክ መኪናው ወዳለበት ቦታ ይጥሩ።