የቤተሰብ ክሩዝ ልትሄዱ ነው? ኢንሹራንሳችሁን በእናታችሁ ስም ፈትኑት

እዚህ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ክሩዝ፣ የመርከብ ሽርሽር ማለት ነው፣ እየወደድን መጥተናል፣ ባልቲሞር ወደብ ድረስ ነድቶ መኪናውን እዛው አቁሞ ወደ ባሃማስ ወይ ወደ ቤርሙዳ መሳፈር ይቻላል፣ የአውሮፕላን ጣጣ የለም፣ ልጆቹ መዋኛው ላይ ይውላሉ፣ እናት አባትም ብዙ ሳይደክሙ አገር ያያሉ። ቦታ ስትይዙ ግን መጨረሻ ላይ ኢንሹራንስ ይጨመር ወይ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ አብዛኞቻችን እሷን ነክተን በቃ ተሸፍነናል ብለን እንረሳታለን። እኔም እንደዛ ነው ያደረግኩት።

እማዬ ደም ግፊት አለባት። ቦታ ከመያዛችን ትንሽ ቀደም ብሎ ሐኪሟ የኪኒኑን መጠን ጨምሮላት ነበር፣ ይሄ ከኢንሹራንስ ጋር ይገናኛል ብለን ማንም አላሰበም። በሦስተኛው ቀን መሀል ባሕር ላይ አዞራት፣ ደግፈን ወደ መርከቡ ክሊኒክ አወረድናት፣ ደም ተመረመረች፣ ልቧ ታየ፣ እዛው ተኝታ አደረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ሆነች። ሂሳቡ ግን ካቢናችን ላይ ተጽፎ ከክሬዲት ካርዴ ተቆረጠ፣ ቤት ገብተን ክሌም (ክፈሉልን የሚል ጥያቄ) ስናስገባ የመጣው መልስ ቀድሞ የነበረ ሕመም ስለሆነ አንከፍልም የሚል ነው። ተናድጄ ሰነዱን ከፍቼ ሳነበው ሁሉም ነገር ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዛ በኋላ የምጠቀምበት ዘዴ ይሄ ነው። የማስታወቂያውን ገጽ ተዉትና ሙሉውን የፖሊሲ ሰነድ፣ የኢንሹራንሱን ውል ማለት ነው፣ ዳውንሎድ አድርጉ። ከሚጓዙት ውስጥ በጣም የምትሰጉለትን አንድ ሰው ምረጡ፣ እናታችሁ ትሁን፣ አስም ያለበት ልጃችሁ ይሁን፣ ከዛ ያ ሰው በሦስተኛው ቀን ባሕር መሀል ቢታመም ማን ይከፍላል፣ ስንት ይከፍላል፣ ማን ይወስደዋል እያላችሁ ሰነዱ ውስጥ መልሱን ፈልጉ። መልስ ያላገኛችሁለት ጥያቄ ካለ እዛ ጋ ክፍተት አለ ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን አሁን ያላችሁን የጤና ኢንሹራንስ እዩ። እማዬ "ሜዲኬር አለኝ እኮ" ስትለኝ አመንኳት። ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአዛውንት የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ አይከፍልም፣ መርከብ ላይም የሚከፍለው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ቆሞ ከሆነ ወይም ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት ያልበለጠ ርቀት ላይ ከሆነና ሐኪሙም በሕግ የተፈቀደለት ከሆነ ነው። ወደ ባሃማስ ወይ ወደ ቤርሙዳ የሚሄድ መርከብ ከየትኛውም የአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ሲርቅ ሜዲኬር የለም ማለት ነው። ሜዲጋፕ የሚባለው የሜዲኬር ተጨማሪ ኢንሹራንስ ያላቸው ሰዎች አሉ፣ ከዓይነቶቹ አንዳንዶቹ ውጭ አገር ለሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና የመጀመሪያውን 250 ዶላር እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ 80 ፐርሰንቱን ይሸፍናሉ፣ ግን ጉዞው በተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ ለደረሰ ብቻ ነው፣ በዕድሜ ልክም ከ50,000 ዶላር አያልፍም። ሜዲኬድ፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ያላችሁ ከአሜሪካ ውጭ ምንም አትጠብቁ። የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ያላችሁ ደውሉና ውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና ትከፍላላችሁ ወይ፣ መርከብ ላይስ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

አሁን ወደ ጉዞ ኢንሹራንሱ። ሰነዱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፣ ሰው ሁሌ እንደ አንድ ያያቸዋል ግን ሁለት ናቸው። አንዱ የሕክምና ነው፣ ሌላው በሽተኛውን ከመርከብ ወይም ከደሴት አንስቶ ጥሩ ሆስፒታል ለማድረስ የሚከፈለው ነው፣ መውሰጃ እንበለው። ሁለተኛው ነው ቤት የሚያሸጠው። ትንሽ ደሴት ላይ ያለ ሆስፒታል የልብ ሐኪም ላይኖረው ይችላል፣ ያኔ ሐኪምና ነርስ ያለበት አምቡላንስ አውሮፕላን ተጠርቶ ወደ ፍሎሪዳ ይወሰዳል፣ ሂሳቡም ከ100,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ ኤምባሲ ሆስፒታል ሊጠቁማችሁ ለቤተሰብም ሊደውል ይችላል፣ ሂሳብ ግን አይከፍልም። እኔ ለቤተሰብ ስገዛ ለእያንዳንዱ ሰው ሕክምና 100,000 መውሰጃ ደግሞ 250,000 ካላገኘሁ አልገዛም፣ ከመርከቡ ጋር አብሮ የሚሸጠው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ያንሳል። ቁጥሩ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለቤተሰቡ በሙሉ የሚለውንም እዩ፣ ለአምስት ሰው የሚካፈል 50,000 ማለት ለአንድ ሰው 10,000 ነው።

መውሰጃው ላይ አንድ የምትጠቅም ቃል አለች፣ የት ነው የሚወስዱት የሚለው። ብዙዎቹ ሕክምናውን መስጠት ወደሚችል ቅርብ ሆስፒታል ይላሉ፣ ይሄ ማለት የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ላይ የሚበቃ ሆስፒታል ካለ ናሶ ትቀራላችሁ፣ ሜሪላንድ ቤታችሁ አጠገብ ልትመጡ አይደለም። አንዳንዱ ግን ወደ መረጣችሁት ሆስፒታል ይላል፣ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ፣ እናት ቋንቋዋን የሚሰማ ሰው በሌለበት ደሴት ተኝታ እናንተ ሥራና ትምህርት ቤት እየጠራችሁ ምን ልትሆኑ ነው። ደግሞ በራሳችሁ አምቡላንስ አውሮፕላን ጠርታችሁ ደረሰኝ አመጣለሁ ብትሉ ላይከፍሏችሁ ይችላሉ፣ አስቀድሞ በ24 ሰዓት ቁጥራቸው ተደውሎ እነሱ ማዘዝ አለባቸው።

እንግዲህ እማዬን የጣላት ነገር ላይ ደረስን፣ ቀድሞ የነበረ ሕመም። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ካንሰር ምናምን ይመስላቸዋል። ኢንሹራንሱ ግን የሚያየው ፖሊሲውን ከገዛችሁበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ነው፣ እንደ ፖሊሲው ከ60 እስከ 180 ቀን፣ በዛ ጊዜ ውስጥ አዲስ ምልክት ታየ ወይ፣ ሐኪም ጋ ተሄደ ወይ፣ መድኃኒት ተቀየረ ወይ ብሎ። ለ10 ዓመት ያለ ደም ግፊት በአንድ ዓይነት ኪኒን ተረጋግቶ ከቆየ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ መጠኑ ከተቀየረ ግን አለቀ። ስኳርም እንደዛው።

መውጫው ይህን ገደብ የሚያነሳ ውል ያለበትን ፖሊሲ መግዛት ነው፣ ብዙ ኩባንያዎች በነጻ ይሰጡታል፣ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ለጉዞው የመጀመሪያዋን ዲፖዚት ከከፈላችሁ በ14 ወይ በ21 ቀን ውስጥ መግዛት አለባችሁ፣ የማይመለሰውን የጉዞ ወጪ በሙሉ ማስመዝገብ አለባችሁ፣ በገዛችሁበት ቀን ደግሞ ሁላችሁም ለመጓዝ የሚያበቃ ጤና ላይ መሆን አለባችሁ። እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፣ ክሩዝ ላይ ትንሽ ዲፖዚት ከፍለን ዋናውን ገንዘብ ጉዞው ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ነው የምንጨርሰው፣ ኢንሹራንሱንም ያኔ ነው የምናስታውሰው፣ ያን ጊዜ 21 ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ዲፖዚቷን በከፈላችሁበት ሳምንት ግዙ። በኋላ የአውሮፕላን ቲኬት ወይ ደሴት ላይ የሚደረግ ጉብኝት ከጨመራችሁ ደውላችሁ አስጨምሩት።

ሌላው ለኛ ሰው በጣም የሚያስፈልገው ቤተሰብ ማለት ማን ነው የሚለው ነው። ዕድር ያለው ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ የዕድር ደንብ ላይ ለእናት ለአባት ይሄን ያህል፣ ለወንድም ለእህት ይሄን ያህል፣ ከዛ ውጭ ያለው አይመለከተንም ተብሎ ይጻፋል አይደል፣ የኢንሹራንስ ሰነድም መጀመሪያ ገጾቹ ላይ እንደዛ ያለ ትርጉም አለው። ከጉዞው ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ መርዶ ቢመጣ ክሩዙን ሰርዘን ለለቅሶ እንሄዳለን፣ ገንዘባችን ይመለሳል ወይ? አባት እናት ወንድም እህት አማች ብዙ ጊዜ ይገባሉ፣ አክስትና አጎት እንደ ፖሊሲው ነው፣ የአጎት ልጅ ብዙ ጊዜ አይገባም፣ የክርስትና እናት ያሳደገች ጎረቤት ጭራሽ የሉም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቀድሞ የነበረ ሕመም የሚለው ገደብ ብዙ ፖሊሲ ላይ አብሯችሁ በማይጓዘው ዘመድ ላይም ይሠራል፣ አገር ቤት ያሉት አባት ኩላሊታቸውን ሲታከሙ ቆይተው ቢያርፉ የጉዞው ስረዛ በዛ ሊወድቅ ይችላል፣ ያ ገደብ የሚነሳበት ውል ለዚህም ይጠቅማል። ማስረጃም ይጠይቃሉ፣ የሞት ምስክር ወረቀት ወይም የሐኪም ደብዳቤ፣ አማርኛ ከሆነ ከነትርጉሙ።

ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡ ወላጆችን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቆም በሉ። በእናንተ ፖሊሲ ላይ ስማቸውን መጨመር ላይቻል ይችላል፣ አሜሪካ ለሚኖር ሰው ብቻ የሚሸጡ አሉና። የጎብኚ ኢንሹራንስ የገዛችሁላቸው ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው ወይስ መርከብና ደሴትም ይጨምራል ብላችሁ ጠይቁ፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚከፍለው መጠን ስንት ድረስ እንደሚወርድም እዩ። ቪዛቸው ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለውን አንብቡ፣ መርከቡ ባሃማስ ከነካ ከአሜሪካ ወጥተው እንደገና እየገቡ ነው፣ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ከሆነ ሳትነሱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በሰነድ ጉድለት አትሳፈሩም ብትባሉ መደበኛ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። የአሜሪካ ዜጋ የሆናችሁም ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዛው የሚመለስ ክሩዝ ላይ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሳፈር ይቻላል ሲሏችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ልጁ ታሞ ከደሴት በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ፓስፖርት ነው የሚጠየቀው፣ ለልጆቹም ፓስፖርት አውጡ።

የስረዛና የመዘግየት ክፍሉን ደግሞ እንደ ወቅቱ አንብቡት። የአትላንቲክ ሃሪኬን ጊዜ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ማዕበሉ አንዴ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዛ ማዕበል አይሠራም፣ በ2024 ቤሪል የተባለው ማዕበል ጁላይ መጀመሪያ ላይ ካቴጎሪ 5፣ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ ደርሶ ነበር፣ ገና በጋው ሳይጋመስ ማለት ነው። መርከቡ በማዕበል ምክንያት አንድ ደሴት ቢዘል ወይም ሌላ ቦታ ቢወስዳችሁ ውሉ ይፈቅድለታል፣ ኢንሹራንሱም የጉዞ መስመር ለውጥ የሚል ክፍያ ከሌለው ምንም አይሰጥም። ማርች 26 ቀን 2024 ባልቲሞር ላይ የኪ ድልድይ ሲወድቅ ወደቡ ተዘግቶ ከባልቲሞር የወጡ ክሩዞች ኖርፎክ ቨርጂኒያ ተመልሰው ነው ሰው በአውቶቡስ ባልቲሞር መኪናው ድረስ የተወሰደው፣ እንዲህ ያለ ቀን የሥራ ቀን ለጠፋበት ሰው መዘግየቱ ስንት ሰዓት ሲሆን ክፍያ ይጀምራል የሚለው ነው ቁም ነገሩ፣ 6 የሚሉ አሉ 12 የሚሉ አሉ። ከማያሚ የምትሳፈሩ ከሆነ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ፣ መርከብ አይጠብቅም።

በፈለጉት ምክንያት መሰረዝ የሚባል ተጨማሪ አለ፣ ከ50 እስከ 75 ፐርሰንት ነው የሚመልሰው፣ እሱንም ዲፖዚት ከከፈላችሁ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ መግዛት፣ ስትሰርዙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 48 ሰዓት ሲቀረው መሆን አለበት። ውድ ነው፣ አገር ቤት በጠና የታመመ ሰው ካላችሁ ግን አስቡበት።

ሻንጣ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ልጆች በአንዳንድ ፖሊሲ ከወላጅ ጋር በነጻ ይገባሉ፣ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ካለች ብዙ መርከቦች 24ኛ ሳምንት የሚሞላትን አይወስዱም፣ ኢንሹራንሱም ደህና እርግዝናን እንደ ሕመም አያይም። ጄት ስኪ፣ ዚፕላይን፣ ጠለቅ ያለ ዋና የመሳሰሉት የማይሸፈኑ ዝርዝር ውስጥ እንዳሉ ልጆቹ ትኬት ሳይገዙ በፊት እዩ። የክሬዲት ካርዳችሁ ኢንሹራንስ ለስረዛ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና ላይ ግን ወይ የለም ወይ ትንሽ ነው።

ፖሊሲው ከተገዛ በኋላም ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን አንብባችሁ ካልወደዳችሁት ሙሉ ገንዘባችሁን የምታስመልሱበት ጊዜ አለ። በዛ ጊዜ ደውሉና የእናታችሁን ሁኔታ በግልጽ ንገሯቸው፣ ይሄ ኪኒን ነው የምትወስደው፣ በዚህ ቀን ተቀይሯል፣ በሦስተኛው ቀን ብትታመም ትከፍላላችሁ ወይ በሏቸው። የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሆነ ያሳዩአችሁ፣ ያናገራችሁትን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። የመርከቡ ክሊኒክ ኢንሹራንስ ስለማይቀበል እናንተ ከፍላችሁ በኋላ ነው የምትጠይቁት፣ ስለዚህ ክሬዲት ካርዱ ላይ ቦታ ይኑር፣ ስትወርዱም ዝርዝር ሂሳቡን፣ የሐኪሙን ማስታወሻና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የ24 ሰዓቱን ቁጥርና የፖሊሲውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በየካቢኑ አንድ አንድ ስጡ፣ የእናታችሁን መድኃኒት ዝርዝር ከጀርባው ጻፉበት፣ ፎቶ አንስታችሁ ደግሞ ቤት ለሚቀር ሰው ላኩ፣ መርከቡ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚደውልላችሁ እሱ ነው።