ኮምቦልቻ የተሠራ ፋሻ ደሴ እስኪደርስ፦ ከሌላ ሙያ ሰው ጋር እንዴት እንመራመር?

ኬሚስት ነኝ፤ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የብር ናኖ ቅንጣት የተቀባ የቁስል ፋሻ ላይ ከጨርቃ ጨርቅ መሐንዲሶች፣ ከማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዎችና ደሴ ካሉ ነርሶች ጋር እሠራለሁ። ናኖ የምንለው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለውን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ይጠጋል። ብሩ እንዲህ ሲደቅ የገጹ ስፋት ስለሚበዛ፣ በትንሽ መጠን ብዙ ባክቴሪያ ይገድላል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ፕሮፖዛል ሳትጽፉ መጀመሪያ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ገብታችሁ ቁሙ። እኛ ይህን አላደረግንም። ወራት ሙሉ ሲልቨር ናይትሬትን (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብር ጨው) ከዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ ጋር ስናዋህድ፣ ፈሳሹ ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ቡናማ ሲዞር ናኖ ብሩ ተፈጠረ ብለን ስንደሰት ከረምን። ከዚያ ናሙናውን ይዘን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ሲስተር ፋሻውን አገላብጣ አየችና «በምን ላርሰው?» አለችኝ። «እንደወትሮሽ» አልኳት። ሳህን ላይ አስቀምጣ ኖርማል ሳላይን አፈሰሰችበት።

ክው አልኩ። ኖርማል ሳላይን 0.9 በመቶ ጨው ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የብር አዮኑን (ከብሩ ወደ ውሃው የሚወጣውን፣ ሙሊት ያለውን ቅንጣት) ይዞ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ሲልቨር ክሎራይድ ያደርገዋል፤ ባክቴሪያ የሚገድለው አዮን ደግሞ ያንሳል። እኛ ላብ ውስጥ የቧንቧ ውሃ እንኳ አናስነካውም፣ ነጭ ዝቃጭ ስለሚያመጣ። ቁስል በምን እንደሚታጠብ ግን ማንኛችንም አልጠየቅንም ነበር። እሷ ደግሞ በየቀኑ የምታደርገውን ምን ብላ ትነግረናለች?

ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ቁስሉን የሚነካውን ሁሉ በተራ ጻፉ፦ ማጠቢያውን፣ ቅባቱን፣ ፋሻው የሚቆይበትን ቀን፣ ሲነሳ ከቁስሉ ጋር ይጣበቅ እንደሆነ። ማምከኛውንም ጨምሩ። አውቶክሌቩ 121 ዲግሪ እንፋሎት ነው፤ ቅቡ ያንን መቻሉን ጨርቁን ከሚያውቀው መሐንዲስ ጋር ሆናችሁ ፈትሹ። ወረቀቱን የምትጽፈው ነርሷ ትሁን፣ እናንተ ጠይቁ።

ቃላትም መዝግቡ። አንድ ቀን «ሪአክሽኑ በጣም ጥሩ ነው» ብዬ መልእክት ብልክላት ደንግጣ ደወለች። ለእኔ ሪአክሽን የኬሚካሎቹ መዋሃድ ነው፤ ለእሷ በሽተኛ ሰውነቱ ሽፍ ሲል ነው። «ኮንትሮል»ም እንዲሁ፦ እኔ ብር ያልተቀባውን ጨርቅ ማለቴ ነው፣ እሷ የበሽተኛው የደም ስኳር መስተካከሉን። አሁን የጋራ ደብተር አለን፣ አዲስ ቃል በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ትርጉማችንን እንጽፋለን።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳይመጣ የማንም ቁስል ላይ ምንም አይቀመጥም። ቶሎ አመልክቱ፣ ጊዜ ይወስዳል።

ናሙና ስትልኩ ሲልቨር ናይትሬት ብርሃን ያበላሸዋልና ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ በፎይል ጠቅልሉ፤ የተሠራበትን ቀንና የሠራውን ሰው ስም ለጥፉበት። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት።

የምርምር ጽሑፉ ደራሲዎች ስምም በመጀመሪያው ስብሰባ ይወሰን። ሲስተር የእኛ ዝርዝር ውስጥ ሁለተኛ ናት፤ ፋሻውን ዛሬ የምናርሰው እሷ ባስመጣችው ስቴራይል ውሃ ነው።